ኃይሉ ከባትሪ፣ ፈቃዱ ከቁልፍ

ከአዲስ አበባ በደቡብ ምሥራቅ አቅጣጫ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ዱከም በሁለት ነገሮች ትታወቃለች፤ በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ በተደረደሩት ሥጋ ቤቶቿና በምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን በተተከሉት ፋብሪካዎቿ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ከሥጋ ቤቶቹ ይጀምራል። ጾም ባልሆነበት እሑድ ቀትር ላይ ከበራቸው የቆሙትን መኪናዎች ያስተዋለ ሰው የብዙዎቹ ሞተር መጥፋቱን፣ ሙዚቃቸው ግን አለመጥፋቱን ይታዘባል። ባለቤቶቹ ቁርጡን በአዋዜ እያጠቀሱ ይጫወታሉ፤ መኪናው በበኩሉ የተጠራቀመለትን ኃይል ቀስ በቀስ ያወጣል።

ከእነዚህ መኪናዎች መካከል ጆሮ የማይለያቸው ሁለት ዓይነቶች አሉ። በአንደኛው ዓይነት ሙዚቃው የሚሰማው ቁልፉ ወደ መጀመሪያው እርከን ስለ ዞረ ነው፤ ቁልፉ ሲነቀል ሁሉም ነገር ጸጥ ይላል። በሁለተኛው ዓይነት የቴፑ፣ የድምፅ ማጉያው፣ የስልክ መሙያው፣ የጌጥ መብራቱ ሽቦ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ በቀጥታ የተሳበ በመሆኑ ቁልፉ በባለቤቱ ኪስ ውስጥ ተቀምጦም መሣሪያዎቹ ይሠራሉ። ልዩነቱ እዚህ ግባ የማይባል ይመስላል። እኔ ግን በአገራችን መኪናዎች ላይ ከሚፈጸሙት የኤሌክትሪክ ስሕተቶች መካከል ይህን ያህል የተለመደ፣ ይህን ያህልም በቀላሉ ሊታረም የሚችል የለም ባይ ነኝ። ከጥቂቶች በስተቀር፣ በመኪና ላይ የሚጨመር ማንኛውም መሣሪያ የመሥራትና የማቆም ፈቃዱን ከማስነሻው ቁልፍ ሊያገኝ ይገባዋል። የሹፌሩ ትዝታ የወረዳው አካል መሆን የለበትም።

ወደ ስሌቱ እንግባ። የአንድ ተራ መኪና ባትሪ እያንዳንዳቸው ወደ 2.1 ቮልት የሚሰጡ 6 ክፍሎች በተከታታይ የተያያዙበት የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ነው፤ ሙሉ ሆኖ ሲያርፍ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። (ዛሬም አልፎ አልፎ በጎዳናዎቻችን የሚታዩት የቆዩ ቮልሶች በ6 ቮልት ይሠሩ እንደ ነበር የሚያስታውሱ አባቶች አይጠፉም።) አቅሙ 60 አምፔር ሰዓት ነው እንበል። ይህ ማለት በንድፈ ሐሳብ 1 አምፔር ለ60 ሰዓት፣ ወይም 5 አምፔር ለ12 ሰዓት ሊሰጥ ይችላል ማለት ነው። በተግባር ግን እስከ መጨረሻው ጠብታ ሊወሰድበት አይገባም። ግማሹ ከወጣ በኋላ ሞተር ማስነሳቱ አጠራጣሪ ይሆናል፤ ስለዚህ ለሙዚቃና ለመብራት የተፈቀደልን ቢበዛ 30 አምፔር ሰዓት ነው ብለን እንያዝ።

በሥጋ ቤቱ በራፍ 5 አምፔር የሚወስድ ማጉያ ለ3 ሰዓት ቢጮህ 15 አምፔር ሰዓት ይወጣል። ጤነኛ ባትሪ ይህን ይችላል። እንግዲህ ሙዚቃው በራሱ ጥፋተኛ አይደለም፤ ሙዚቃውን የከፈተ ሰው ጆሮው ይሰማዋል፣ ሲበቃው ይዘጋዋል። አደጋው ያለው በማይሰማው ላይ ነው። በሚኒባስ ታክሲ ጣሪያ ላይ የተገጠመ አነስተኛ ስክሪን፣ ከ12 ቮልት 220 ቮልት የሚያወጣ ርካሽ ኢንቨርተር፣ ሁልጊዜ የሚቀርጽ ካሜራ፣ እነዚህ ተደማምረው 0.5 አምፔር ይወስዳሉ እንበል። ሹፌሩ ዓርብ ማታ በ12 ሰዓት መኪናውን አቁሞ ለለቅሶ ወደ አገር ቤት ቢሄድና ሰኞ ንጋት በ12 ሰዓት ቢመለስ በመካከሉ 60 ሰዓት አልፏል። 0.5 ሲባዛ በ60፣ ልክ 30 አምፔር ሰዓት! የመጀመሪያዎቹ ተሳፋሪዎች ወደ ቃሊቲ ለመሄድ ተሰልፈው ሲጠብቁ ሹፌሩና ረዳቱ ገፊ ፍለጋ ይወጣሉ።

ባትሪው ሲደክም ቮልቴጁ የሚቀንሰው በጥቂቱ ነው፤ ሙሉው 12.6 የነበረው፣ ግማሹ 12.2 ገደማ ይሆናል። ታዲያ 0.4 ቮልት እንዴት ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል? መልሱ በባትሪው ውስጣዊ ተቃውሞ ላይ ነው። የናፍጣ ሞተር የሚያስነሳ ሞተሪኖ 300 አምፔር ያህል ሊጠይቅ ይችላል። የባትሪው ውስጣዊ ተቃውሞ 0.01 ኦም ቢሆን ከቮልቴጁ ላይ 3 ቮልት በራሱ ውስጥ ይቀራል፤ ለሞተሪኖው 9.6 ቮልት ይተርፈዋል፣ ሞተሩም ይነሣል። ባትሪው ሲደክምና ሲያረጅ ተቃውሞው በእጥፍ ቢጨምር ግን ያንኑ ከረንት ለማውጣት 6 ቮልት በውስጡ ይቀልጣል። ያን ጊዜ የምንሰማው ሁላችንም የምናውቀውን ያን ደረቅ ኳኳታ ብቻ ነው። በዚህ ላይ ብርድ ሲጨመር ነገሩ ይብሳል። ከእንጦጦ ጀርባ ከ2500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በምትገኘው ሱሉልታ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች በባትሪው ውስጥ ያለው የኬሚካል ሂደት ይዘገያል፣ የሞተሩም ዘይት ይወፍራል። ዱከም ላይ በንጋት የተነሣ መኪና ሱሉልታ አድሮ ቢሆን ኖሮ ላይነሣ ይችል ነበር። ከዚህም ሌላ ተደጋግሞ እስከ ታች የወረደ ባትሪ በሳህኖቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት እየጠጠረበት አቅሙን ለዘለቄታው ያጣል። የባትሪን ዋጋ የሚያውቅ የታክሲ ባለቤት የዚህ ዓረፍተ ነገር ክብደት ይገባዋል።

የመኪና ቁልፍ ለዚህ ችግር የተሰጠ መልስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገቡት የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ይነሡ የነበረው በማኖቬላ፣ በሰው ክንድ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ማስነሻ ቻርልስ ኬተሪንግ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ1912 በካዲላክ መኪናዎች ላይ ዋለ። ቁልፍ አዙሮ ብቻ ሞተር ማስነሳት ደግሞ በክራይስለር መኪናዎች ላይ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። ከዚያ ወዲህ ቁልፉ የመኪናው ኤሌክትሪክ ሁሉ አዛዥ ሆነ።

ዛሬ በአብዛኞቹ ባለቁልፍ መኪናዎች ላይ አራት እርከኖች አሉ። በመጀመሪያው ሁሉም ይዘጋል፣ መሪውም ይቆለፋል። በሁለተኛው፣ «ኤሲሲ» በተባለው ላይ፣ ሬዲዮና የመሳሰለው ብቻ ኃይል ያገኛል። በሦስተኛው የሞተሩ ሥርዓትና የቀሩት ሁሉ ይበራሉ። አራተኛው ሞተሪኖውን የሚያሽከረክረው ነው፤ ጣታችንን ስናነሣ በራሱ ወደ ሦስተኛው ይመለሳል። ተማሪዎች ሊያስተውሉት የሚገባ አንድ ረቂቅ ነገር አለ። ቁልፉን ወደ አራተኛው ስናዞር ሬዲዮው ለቅጽበት ዝም ይላል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ መሐንዲሶቹ ሆን ብለው ያደረጉት ነው። ሞተሪኖው 300 አምፔር በሚጠይቅበት ቅጽበት ሌላው ሁሉ ገበታውን እንዲለቅለት ታዝዟል። ከባትሪው በቀጥታ የተሳበ መሣሪያ ይህን ሥርዓት አያውቅም፤ በዚያ ጭንቅ ሰዓትም ድርሻውን ይጠይቃል፣ የቮልቴጁ መዋዠቅም እሱኑ ሊጎዳው ይችላል።

ይሁንና የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራውን ወጣት ሳንሰማው ልንፈርድበት አይገባም። «ጋሼ፣ ከባትሪ በቀጥታ ላውጣልዎት፤ ኃይል አያንሰውም» ሲል ከልምዱ ያገኘው እውነት አለው። ለምሳሌ እያንዳንዳቸው 100 ዋት የሆኑ ሁለት ተጨማሪ መብራቶች በ12 ቮልት ወደ 17 አምፔር ይወስዳሉ። ይህን ከረንት በቁልፉ በኩል፣ ለዚያ ባልታሰበ ቀጭን ሽቦ፣ ዞሮ እንዲመጣ ብናደርገው በመንገዱ ላይ ከ1 ቮልት በላይ ሊባክን ይችላል። የባለክር አምፖል ብርሃን ደግሞ ቮልቴጁ 10 በመቶ ሲቀንስ ወደ 30 በመቶ ይቀንሳል። የቁልፉም መገናኛዎች ይግላሉ፣ ይቃጠላሉ። ወጣቱ ይህን ስሌት በወረቀት ላይ አልሠራው ይሆናል፤ መብራቱ ሲደክም፣ ቁልፉም ሲግል በዓይኑና በእጁ አውቆታል። ስለዚህ ወደ ባትሪው ሄደ። ኃይሉን ከባትሪው መውሰዱ ትክክል ነው። የጎደለው ፈቃዱ ነው።

ይህን ጉድለት የሚሞላው መሣሪያ በእያንዳንዱ የመለዋወጫ ሱቅ የሚገኘው፣ የክብሪት ሳጥን የምታህለው ሪሌ ናት። አሳቡ የጆሴፍ ሄንሪ ነው፤ ይህ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ በኤሌክትሮማግኔት አማካይነት ትንሽ ከረንት ትልቁን እንዲያዝ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1835 ነበር። በሪሌዋ ውስጥ የተጠቀለለው ሽቦ የሚወስደው 0.15 አምፔር ገደማ ነው፤ ይህን ቁልፉ ያለ አንዳች ድካም ይሰጣል። ሽቦው ማግኔት ሆኖ መገናኛውን ሲስብ ከባትሪው በወፍራም ሽቦ የመጣው 17 አምፔር ወደ መብራቶቹ ያልፋል። ቁልፉ ሲዘጋ ማግኔቱ ይጠፋል፣ መገናኛውም ይላቀቃል። በሪሌዋ እግሮች አጠገብ 30፣ 85፣ 86 እና 87 የሚሉ ቁጥሮች ተጽፈዋል። እነዚህ የጀርመን የደረጃ መለያ ቁጥሮች ናቸው። በ30 ከባትሪው የመጣው ዘላቂ ፖዘቲቭ ይገባል፣ በ87 ወደ መሣሪያው ይወጣል፤ 85 እና 86 የማግኔቱ ጥቅል ሁለት ጫፎች ናቸው። በዚሁ ሥርዓት በቁልፍ የሚታዘዘው መሥመር 15 ይባላል። በጀርመን አገር ለዶክትሬት በምማርበት ጊዜ፣ በቤተ ሙከራችን የሚሠሩት ቴክኒሻኖች ሌላውን ሁሉ በክርክር ሲያሳልፉ በእነዚህ ቁጥሮች ላይ ግን ክርክር አልነበራቸውም። በእኛም ጋራዦች ቁጥሮቹ በቃል ይታወቃሉ፤ 86 ከምን ጋር ይያያዝ የሚለው ላይ ግን ብዙ ጊዜ መልሱ «ከባትሪ» ይሆናል። ያን ጊዜ ሪሌዋ ያለ ፋይዳ ሌትና ቀን በርታ የምትኖር ሌላ ተጠቃሚ ትሆናለች።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ደከመ ባትሪ ነው። የደከመ ባትሪ ያናድዳል እንጂ አይገድልም። የባሰው ሌላ ነው።

ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ተነሥቶ ሞተሩንና የጎጆውን መለያ ብረት አልፎ እስከ ቴፑ የሚደርስ 4 ሜትር ርዝመትና 1 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ እናስብ። የመዳብን ባሕርይ የሚያውቅ ተማሪ ተቃውሞው 0.068 ኦም መሆኑን በአንድ መሥመር ያሰላዋል። ሽቦው ብረቱን በሚያቋርጥበት ቀዳዳ ላይ፣ በዱከምና በቢሾፍቱ መካከል በየቀኑ በሚደርስበት መንቀጥቀጥ፣ ልባሱ ቀስ በቀስ ይላጣል። አንድ ቀን መዳቡ ብረቱን ይነካል። ነጥቡ ከቴፑ አጠገብ ከሆነ ከረንቱ 12.6 ሲካፈል ለ0.078፣ ማለትም ወደ 160 አምፔር ይሆናል። በሽቦው ላይ ወደ ሙቀት የሚለወጠው ኃይል 1700 ዋት ይበልጣል። የእንጀራ ምጣድ የሚጠቀመው 3500 ዋት ገደማ ስለሆነ፣ የግማሽ ምጣድ ሙቀት በአንዲት ቀጭን ሽቦ ላይ አረፈ ማለት ነው። የሽቦው ክብደት 36 ግራም ብቻ ነው። የመዳብን የሙቀት አቅም ብናስገባ ሙቀቱ በየሰከንዱ ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይጨምራል። የፕላስቲኩ ልባስ በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ ይቀልጣል፣ ይጨሳል፣ ከምንጣፉና ከወንበሩ ስፖንጅም ጋር ይነጋገራል። ባትሪው ለዚህ ሁሉ የሚሆን ኃይል ሞልቶት ተርፎታል፤ 300 አምፔር እንዲሰጥ ሆኖ የተሠራ ነውና። ሹፌሩ ቁልፉን ነቅሎ ቢሮጥ አይረዳውም፤ ሽቦው ቁልፉን አያውቀውም።

ፊውዝ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ስለ ፊውዝ በሰፊው የተዛመተ አንድ የተሳሳተ አስተሳሰብ አለ፤ ፊውዙ ቴፑን ለመጠበቅ ይመስለናል። ፊውዙ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። በመሆኑም ቦታው ከባትሪው ጫፍ አንድ ስንዝር በማይበልጥ ርቀት ላይ መሆን አለበት። ከቴፑ ጀርባ የተሰቀለ ፊውዝ ከኋላው ያለውን 4 ሜትር ሽቦ ያለ ጠባቂ ይተወዋል፤ ከላይ ባሰላነው ምሳሌ ምንም አያደርግም። መጠኑም በሽቦው ውፍረት እንጂ በመሣሪያው ፍላጎት ብቻ አይወሰንም። የተቃጠለ ፊውዝ በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ወይም በመዳብ ክር ተጠቅልሎ ሲመለስ ማየት በአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በየቤታችን ቆጣሪ ሥር የሚደረገው ያው ነው። ለዚህ ድርጊት ጨዋ ቃል አላገኘሁለትም።

የዱከም ዋና መንገድ ለዘመናት የጅቡቲ መሥመር ከባድ መኪናዎች ሲተላለፉበት የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ከተከፈተ በኋላም ከባዶቹ መኪናዎች ከአካባቢው አልጠፉም። በእነዚህ ላይ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። ከባድ መኪናዎች በአብዛኛው የሚሠሩት በ24 ቮልት፣ ማለትም በተከታታይ በተያያዙ ሁለት ባለ12 ቮልት ባትሪዎች ነው። ሹፌሩ የገዛው ቴፕ ግን የ12 ቮልት ነው። መፍትሔው ቀላል ይመስላል፤ ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ 12 ቮልት መውሰድ። ቴፑም ይዘፍናል። ዲናሞው ግን የሚያየው የሁለቱን ድምር ብቻ ነው፤ 28 ቮልት ላይ ሲደርስ ሥራው እንዳለቀ ይቆጥራል። ቴፑ የሚበላው ባትሪ 13.2 ላይ ቢዘገይ ሌላው 14.8 ላይ ይወጣል። አንዱ መቼም ሳይጠግብ፣ ሌላው ሳይርበው እየተጋተና ውኃውን እየተነፈሰ ሁለቱም ያለ ዕድሜያቸው ያልቃሉ። ሹፌሩ የሚያማርረው የባትሪውን ፋብሪካ ነው። ትክክለኛው መንገድ 24ን ወደ 12 ቮልት የሚለውጥ መሣሪያ ከሁለቱ ባትሪዎች ላይ በፊውዝ፣ በሪሌና በቁልፍ ሥር ማስገባት ነው።

ሁሉም መሣሪያ በቁልፍ ሥር ይዋል ብዬ ደርቄ አልከራከርም። የስርቆት ማስጠንቀቂያ ቁልፉ ሲነቀል ቢተኛ ጥቅሙ ምንድን ነው? መኪናው ያለበትን ቦታ የሚያመለክተው መሣሪያም፣ ሰዓቱም፣ የሬዲዮው የጣቢያ ትውስታም እንደዚሁ ዘላቂ ኃይል ይፈልጋሉ። አዳዲስ ቴፖች ሁለት የፖዘቲቭ ሽቦ ይዘው የሚመጡት ለዚህ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ቢጫው ከባትሪው ለትውስታ፣ ቀዩ ከቁልፉ ለሥራ። ሁለቱን አንድ ላይ ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል የተለመደ አቋራጭ ነው፤ አምራቹ በሁለት ሽቦ የጻፈውን ትእዛዝ መሰረዝ ነው። ዘላቂ ኃይል የሚያሻቸው መሣሪያዎች ተደምረው ከ0.05 አምፔር ባይበልጡ መኪናው 25 ቀን ቆሞ እንኳ ግማሽ ባትሪ ይተርፈዋል። መለኪያችን ይህ ይሁን።

ከፋብሪካ የወጣ መኪና በዚህ ረገድ ንጹሕ ሆኖ ነው የሚወጣው። በዱከሙ የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን የሊፋን መኪናዎች ይገጣጠሙ ነበር፤ እዚያ እያንዳንዱ ሽቦ ቀለም፣ ውፍረትና ፊውዝ ተመድቦለታል። ሥርዓቱ የሚፈርሰው መኪናው ከዞኑ አጥር ውጭ ባሳለፋቸው ዓመታት፣ አንድ በአንድ በተጨመሩ ሽቦዎች ነው። በባጃጆች ላይ ሂደቱ ፈጣን ነው፤ አነስተኛ ባትሪ ባለው ሦስት ጎማ ላይ ድምፅ ማጉያና ቀለማቸው የሚለዋወጥ መብራቶች ተደርድረው ይታያሉ።

አሁን ደግሞ አዲስ ዘመን ገብቷል። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን በ2016 ዓ.ም. ካሳወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በመንገዶቻችን ላይ በዝተዋል። ብዙ ሰው ከወለላቸው ሥር ያለውን ግዙፍ ባትሪ እያሰበ የቴፕና የመብራት ወሬ አለቀለት ይላል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ከ300 እስከ 400 ቮልት የሚደርሰው ዋና ባትሪ መኪናው ሲዘጋ ከሌላው ሁሉ ተነጥሎ ይቀመጣል። የሚያገናኘው ኮንታክተር የተባለ ትልቅ ሪሌ ነው፤ ይህ ሪሌ የሚታዘዘው ደግሞ በተለመደው የ12 ቮልት ባትሪ ነው። እንግዲህ የ12 ቮልቱ ባትሪ በአንዲት ርካሽ ካሜራ ምክንያት ቢያልቅ ኮንታክተሩ አይዘጋም፣ ዋናው ባትሪም ሙሉ ሆኖ ሳለ የመኪናው በር እንኳ በወጉ ላይከፈት ይችላል። በእንዲህ ያለ መኪና ላይ ደግሞ የዱከም ልጆች ተጠርተው ገፍተው ሊያስነሡት አይችሉም፤ የሚነሣ ሞተር የለውማ። አንዳንድ ሞዴሎች ከዋናው ባትሪ እየቀነሱ ትንሹን በየጊዜው ይሞላሉ፤ ሁሉም ግን እንደዚያ አያደርጉም።

የሚያሳስበኝ ሌላም ነገር አለ። በእነዚህ መኪናዎች ብዙዎቹ ላይ የሚዞር ቁልፍ የለም፤ ካርድ ወይም ቁልፍ መሰል መሣሪያ አለ፣ መቼ መብራትና መቼ መጥፋት እንዳለበት የሚወስነው ኮምፒዩተር ነው። ለዓመታት በእጁ ሙከራ የተማረው ሠራተኛ «የቁልፍ ፖዘቲቩ የቱ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ በመሞከሪያ አምፖል ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ የመኪናውን የወረዳ ሥዕል ማንበብ ይጠይቃል። ብርቱካናማ ልባስ ያላቸው ኬብሎች የከፍተኛ ቮልቴጅ መሥመሮች ናቸው፤ እነሱን ለመንካት የተለየ ሥልጠና ያስፈልጋል፣ የሚነካቸውም ሰው ሁለተኛ ዕድል ላያገኝ ይችላል። የ10ኛ ክፍል ተማሪያችን ተከታታይና ትይዩ ወረዳዎችን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይፈታል፤ የሚሥለው ባትሪ ግን ውስጣዊ ተቃውሞ የሌለው፣ ሽቦውም የማይግል ነው። በጋራዥ ያለው እኩያው ደግሞ የሚግለውን ሽቦ ያውቃል፤ ስንት እንደሚግል የሚያሰላበት መንገድ አልተሰጠውም። ሁለቱ በአንድ ሰፈር ይኖራሉ፣ ምናልባትም በአንድ አልጋ ይተኛሉ። የትምህርት ቤቶቻችን ቤተ ሙከራ በዕቃ እጦት ተዘግቶ ሳለ በመምህራን ማረፊያ አጠገብ የቆመችው የርእሰ መምህሩ መኪና ግን ሙሉ ቤተ ሙከራ ናት።

ሙከራውን ለሚወዱ ተማሪዎች አንድ ሥራ ልስጥ። የሚያስፈልገው መልቲሜትርና ባለቤቱ የፈቀደው የነዳጅ መኪና ነው። ሁሉንም መሣሪያ ዝጉ፣ ቁልፉን ንቀሉ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ሽቦ ፍቱና መልቲሜትሩን በ10 አምፔር መለኪያው ላይ አድርጋችሁ በሽቦውና በባትሪው ጫፍ መካከል በተከታታይ አስገቡት። በዚህ ሁኔታ ሞተሩን ለማስነሳት በፍጹም አትሞክሩ፤ የመልቲሜትሩ ፊውዝ ወዲያውኑ ይቃጠላል። የመኪናው ኮምፒዩተሮች እስኪተኙ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ንባቡ ከ0.05 አምፔር በታች ከሆነ መኪናው ጤነኛ ነው። ከበለጠ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀላችሁ ንባቡን ተመልከቱ፤ ሲወርድ ያያችሁበት ፊውዝ የሚመግበው መሥመር የምትፈልጉት ነው። የነቀላችሁትን ሁሉ በቦታው መመለስን አትርሱ። ሁሉንም ነቅላችሁ ንባቡ ከፍ እንዳለ ከቀረ ግን ያ ከረንት የሚያልፈው በፊውዝ ሳጥኑ በኩል አይደለም፤ ያን ጊዜ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ተነሥታችሁ፣ ፋብሪካው ያላሠረውን ሽቦ በጣታችሁ እየተከተላችሁ እስከሚገባበት ድረስ ሂዱ።